ፖከር ላይ ማን ያሸንፋል፣ ካርታው የመጣለት ወይስ ጨዋታው የገባው?

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፖከር የሚገባችሁ ካላችሁ እስኪ አንድ ክርክር ፍቱልን። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ማታ አንዱ ቤት ተሰብስበን ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ፖከር እንጫወታለን፣ ለየሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይታደላል፣ አምስት ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይወርዳል። ድሮ ኮንከር ነበር የምንጫወተው። ከዚያ አንዱ ፖከር በስልኩ ለምዶ መጣና ሁላችንንም አስለመደን። ቺፕስ ምናምን የለንም፣ በቆርኪ ነው። አንድ ቆርኪ 5 ብር። ማታውን ሙሉ የተበላ ሰው ቢበዛ የምሳ ሂሳብ ነው የሚያጣው፣ ስለዚህ ገንዘቡን እንደ ትልቅ ነገር አትዩት።

ከመካከላችን ጋራዥ የሚሠራ ልጅ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ቆርኪውን ሰብስቦ የሚነሳው እሱ ነው። ብዙ አያወራም። ካርታ ሲታደል የራሱን ቶሎ አያነሳም፣ መጀመሪያ እኛ የእኛን ስናይ ፊታችንን ያያል። ብዙውን ዙር ካርታውን ጥሎ ቆሎውን እየቆረጠመ ሌላውን ሲከታተል ነው የሚያመሸው። እኔና ሌሎቹ "ይሄ ልጅ ይችላል" እንላለን። አንዱ ጓደኛችን ግን በፍጹም አይቀበልም። ካርታ የሚበወዝበት ጨዋታ ላይ ችሎታ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ መጣልህ ወይ አልመጣልህ፣ አለቀ ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ነገሩ ጦፈ። ጋራዥ የሚሠራው ሁለት አስ ይዟል። ከሁላችን ትንሹ ደግሞ ሁለት ኪንግ። መሃል ላይ አንድም ካርታ ሳይወርድ ሁለቱም ያላቸውን ቆርኪ ጠቅላላ ገፉት። ካርታቸውን ገለጡ። ከመሃሉ ካርታዎች አራቱ ወረዱ፣ ምንም የለም። አምስተኛው ላይ ኪንግ ዱብ አለ፣ ሦስት ኪንግ ደግሞ ሁለት አስን ይበላል። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፣ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ። "ይኸው፣ የታለ ችሎታው?" ተባለ። የተበላው ልጅ "ነገም ቢመጣልኝ እንደዚሁ ነው የምጫወተው" አለና ዝም አለ።

እና ጥያቄዬ፣ ፖከር ላይ ዕድሉ ምን ያህል ነው ችሎታውስ ምን ያህል? ሰው ጎበዝ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ትንሹ ልጅ ሰሞኑን እየበላን ስለሆነ ኦንላይን በእውነተኛ ብር ልጀምር እያለ ነው። ሥራ የለውም፣ ገና ቤተሰብ ቤት ነው ያለው። እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው። "ተው ቁማር ነው" ብቻ ብለው አይሰማኝም፣ የሚያሳምነው ነገር ንገሩኝ።

የአያቷ፦

ወንድሜ፣ ከዚያችው ከአስና ከኪንግ ልጀምር። ሁለት አስ ከሁለት ኪንግ ጋር መሃል ካርታ ሳይወርድ ሲገጥም አስ የያዘው ከ100 ጊዜ 82 ገደማ ያሸንፋል። ኪንግ የያዘው 18 ገደማ። 18 ደግሞ ትንሽ ቁጥር አይደለም፣ ከአምስት ወይም ከስድስት አንዴ ይመጣል ማለት ነው። እናንተ ያያችሁት ከእነዚያ 18ቱ አንዱን ነው። ልጁ ነገም እንደዚሁ ነው የምጫወተው ያለው ሂሳቡ ስለገባው ነው፣ ልክም ነው። በነገራችን ላይ ትንሹም አላጠፋም፣ ሁለት ኪንግ ይዞ የሚሸሽ ሰው የለም። ሁለቱም የሚገባውን አደረጉ፣ የቀረውን ካርታው ወሰነ። ስለዚህ ለክርክራችሁ ምንም የማያስረዳ ዙር ነው የመረጣችሁት። ትልቅና የሚያስጮህ ዙር ስለሆነ ነው ዓይናችሁ ውስጥ የገባው።

ደግሞ አስቡት። ሁለት አስ በአማካይ ከ221 ዙር አንዴ ነው የሚመጣው። በአንድ ማታ 110 ዙር ያህል ብትጫወቱ ከአሥር ማታ ስድስቱን ሁለት አስ የሚባል ነገር ሳታይ ነው ወደ ቤትህ የምትሄደው። እና በየቅዳሜው የሚበላ ሰው በአስ አይደለም የሚበላው። በሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላው ነገር ምን እንደሆነ በቆርኪ ላሳይህ። መሃል ላይ 100 ብር አለ እንበል፣ 20 ቆርኪ። አራት ካርታ ወርዷል፣ አንድ ቀርቷል። አንተ እጅህ ያለውንና የወረደውን ስትደምር አራት ልብ አለህ። አምስተኛ ልብ ከመጣ ፍለሽ ሠርተህ ትበላለህ። ካልመጣ ባዶ ነህ። ያላየሃቸው ካርታዎች 46 ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ልብ የሆኑት 9። ተጋጣሚህ 50 ብር አስያዘ። ከፍለህ ትቀጥላለህ ወይስ ትጥላለህ?

ይህንኑ ሁኔታ 46 ጊዜ ተጫወትከው እንበል። 9 ጊዜ ልቡ ይመጣና 150 ብር ትበላለህ፣ 1,350 ሆነ። 37 ጊዜ አይመጣም፣ 50 ብርህ ይሄዳል፣ 1,850። ስትቀናነስ 500 ብር ጎደለህ። በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ 11 ብር መሬት ላይ እየጣልክ ነው። አሁን ተጋጣሚህ 50 ሳይሆን 20 ብር ብቻ ቢያስይዝስ? 9 ጊዜ 120 ትበላለህ፣ 1,080። 37 ጊዜ 20 ትከስራለህ፣ 740። 340 ብር ትርፍ! ካርታው ያው ነው። ዕድልህም ያው ነው፣ ከ46 ዘጠኝ። የተለወጠው የተጠየቅከው ዋጋ ብቻ ነው። በ20 ብር መቀጠል ያዋጣል፣ በ50 አያዋጣም። (ልቡ ከመጣ በኋላ ተጨማሪ ብር የምታስከፍለው ከሆነ ሂሳቡ ትንሽ ይሻሻላል፣ ለአሁኑ እንተወው።) ይሄን የሚያይ ሰውና የማያይ ሰው እኩል ካርታ እየመጣላቸው አንደኛው ቀስ በቀስ የሌላውን ቆርኪ ይጨርሰዋል። ተበዳዩም መቼ እንደተበላ አያውቀውም፣ ምክንያቱም 11 ብር በ11 ብር ነው የሚሄደው።

አሁን ግን ዋናው ነገር። በ50 ብር የቀጠለው ሰው እኮ ከ46 ዘጠኝ ጊዜ ልቡ ይመጣለታል። ያኔ ያው የእናንተ ጩኸት ነው። ያላዋጣ ውሳኔ ወስኖ ጀግና ይባላል። ጥሎ የወጣው ደግሞ "ፈሪ" ይባላል። ዳማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዳማ የሚችል ሰው ጀማሪውን አሥር ጊዜ ቢገጥመው አሥሩንም ይበላዋል፣ ጀማሪውም በሳምንቱ አይመለስም። ፖከር ላይ ደካማው አልፎ አልፎ ስለሚበላ፣ ሲበላም ደግሞ በችሎታዬ ነው ብሎ ስለሚያስብ ተመልሶ ይመጣል። ዕድል ባይኖርበት ኖሮ ያ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛችሁ ቅዳሜ ማታ አብሮት የሚቀመጥ ሰው አያገኝም ነበር። ዕድሉ የችሎታው ጠላት አይደለም። ዕድሉ ነው ለጎበዙ ተጋጣሚ የሚያመጣለት።

ፊታችሁን ያያል ያልከውም ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ፖከር ላይ ብዙው ዙር ካርታ ሳይገለጥ ነው የሚያልቀው። አንዱ ያስይዛል፣ ሌላው ይጥላል፣ ተበላ። ካርታው ካልተገለጠ ደግሞ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም። ታዲያ ያንን ዙር ካርታው ወሰነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ሰንዳፋ በኬ፦

የአያቷ እህታችን ሂሳቧ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለለች። ችሎታ ዋጋ የሚኖረው ካንተ የሚያንስ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲኖር ብቻ ነው። ያንን የ46 ካርታ ሂሳብ አምስታችሁም ብታውቁት ምን ይፈጠራል? ማንም 11 ብሩን አይጥልም። ያኔ ማታውን የሚወስነው ካርታው ብቻ ይሆናል። ሰው ሁሉ እየጎበዘ ሲሄድ የዕድል ድርሻ እያነሰ ሳይሆን እየበዛ ነው የሚመጣው። ስለዚህ "ፖከር ይሄን ያህል በመቶ ችሎታ ነው" ብሎ ቁጥር መስጠት ትርጉም የለውም ባይ ነኝ። ከማን ጋር ተቀምጠህ? ለስንት ሰዓት?

ትልቁን ውድድር እዩት። ላስ ቬጋስ የሚደረገው ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር፣ ዋናው ውድድር፣ መግቢያው 10,000 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሂሳብ ሠራተኛ ኦንላይን በ86 ዶላር ማጣሪያ ተጫውቶ መግቢያውን አገኘ። ሄደና ከ839 ሰው አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ። ፕሮፌሽናል አልነበረም። ጆኒ ቻን 1987 እና 1988 በተከታታይ አሸንፎ ነበር። ስቱ አንገር ደግሞ 1980፣ 1981 እና 1997። ከ1997 ወዲህ ግን ቀድሞ ያሸነፈ ሰው ያንን ውድድር ደግሞ አሸንፎ አያውቅም። በ2024 የተመዘገበው 10,112 ሰው ነው። ያን ያህል ሕዝብ ውስጥ የዓለም አንደኛ ጎበዝ ብትሆን ራሱ በዚያ ሳምንት ካርታው ካልተባበረህ የትም አትደርስም።

እዚህ ኮንዶሚኒየም የደረሰን ሰዎች በችሎታ አይደለም የደረሰን፣ ስማችን በዕጣ ወጣልን እንጂ። የአንድ ማታ ፖከርም ለዚያ በጣም ይቀርባል። ጓደኛችሁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። በጥቂት ቅዳሜ ግን አይታወቅም።

ቁጥር ወዳድ (ለቡ)፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የምትለያዩት በጊዜው ላይ ነው። በአንድ ውድድር የሚሆነውና በብዙ ውድድር የሚሆነው አንድ አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ስቲቨን ሌቪት እና ቶማስ ማይልስ የ2010ን ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር አጥንተው ነበር። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በነበራቸው ታሪክ ጎበዝ የሚባሉትን ለዩ። ከዚያ ውጤቱን አዩ። ጎበዝ የተባሉት በአማካይ ላወጡት ገንዘብ ከ30 በመቶ በላይ አተረፉ። የቀረው ሰው በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ከሰረ። ሁሉም ነገር ዕድል ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ስማቸው የተያዘ ሰዎች ተለይተው ሊያተርፉ አይችሉም። ሎተሪ ላይ "ባለፈው ዓመት የደረሳቸውን ሰዎች ለይቼ ዘንድሮም እነሱ ይበልጣሉ" ብትል ማን ያምንሃል?

ግን ምን ያህል ዙር ያስፈልጋል ለሚለው የሰንዳፋው ወንድማችን ያነሳው ነገር ትክክል ነው፣ እንዲያውም ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ብላይንድ ማለት ካርታ ሳይታይ በየዙሩ የሚቀመጠው የግዴታ ገንዘብ ነው፣ ትንሽና ትልቅ አለው፣ ታውቁታላችሁ። ኦንላይን በ100 ዙር አምስት ትልቅ ብላይንድ የሚያተርፍ ሰው ጎበዝ ይባላል። በዚያው 100 ዙር ውስጥ ግን ውጤቱ በካርታው ምክንያት ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ 90 ብላይንድ ይዋዥቃል። አምስቱ ትርፍ በ90ው ውስጥ አይታይም፣ ይዋጣል። ሂሳቡን ስሠራው እንዲህ ያሉ 100 ጎበዞች እያንዳንዳቸው 10,000 ዙር ቢጫወቱ 29ኙ ያህል ከስረው ይገኛሉ። ጎበዞች ናቸው እኮ! 100,000 ዙር ቢጫወቱ ደግሞ የሚከስሩት አራት ያህል ብቻ ይሆናሉ። እናንተ በየቅዳሜው 100 ዙር ብትጫወቱ፣ አንድም ቅዳሜ ሳታጓድሉ፣ በዓመት 5,200 ነው። 10,000 ለመድረስ ሁለት ዓመት።

ይሄ ግን ተጋጣሚዎቹም ደህና ሲሆኑ ነው። እቤት ውስጥ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሂሳቡን ያውቃል፣ ሌላው ሁሉንም ዙር ካልተጫወትኩ ይላል። ያ ጓደኛችሁ በ100 ዙር አምስት ሳይሆን ሃያ ብላይንድ የሚያተርፍ ቢሆን አንድ ዓመት ሙሉ ተጫውቶ ከስሮ የመገኘት ዕድሉ ከ100 አምስት ስድስት ነው። ስለዚህ እሱ በጣም ረጅም ጊዜ ሲበላ ከቆየ እኔ ጎበዝ ነው እላለሁ። ትንሹ ልጅ ግን "ሰሞኑን" ነው የሚበላው። ሰሞኑን ማለት ምንም ማለት አይደለም።

የሚገርመኝን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ በ2017 ፒትስበርግ ላይ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ሊብራተስ የሚባል ፕሮግራም ከአራት ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ጋር አንድ ለአንድ ገጠመ። 20 ቀን ፈጀ፣ 120,000 ዙር። አራቱም ተበሉ። ፕሮግራሙ በድምሩ ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቺፕስ መርቶ ጨረሰ። "ካርታ መጥቶለት ነው" እንዳይባል ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለአንዱ ተጫዋች የታደለው ካርታ ሌላ ክፍል ላለው ጓደኛው ተገልብጦ ይታደል ነበር። እዚህ ፕሮግራሙ አስ ከደረሰው እዚያ ያው አስ ለሰውየው ይደርሳል። ከዚያ የሁለቱ ክፍል ውጤት ይደመራል። የታደለው ካርታ ዕድል እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የሚቀረው ማን እንዴት ተጫወተው የሚለው ነው። ከዚያም በኋላ እንኳ 120,000 ዙር ነው ያስፈለጋቸው። "ችሎታ የለም" ለሚለው ጓደኛችሁ ይሄን ንገሩት። ካርታው እኩል ተደርጎ አንድ ወገን ሁሉንም ከበላ ሌላ ስም አይገኝለትም።

ሹፌሩ ከአለም ገና፦

ልጆቼ፣ ሂሳባችሁን አነበብኩት፣ ደስ ይላል። እኔ የረጅም መንገድ ሹፌር ነበርኩ። በኛ ጊዜ ማታ መኪና ካቆምን በኋላ ካርታ ነበር ጨዋታችን። ፖከር አልነበረም፣ ቢሆንም በብር ነው።

ከኛ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ሰው ነበር። የወረደውን ካርታ ሁሉ በጭንቅላቱ ይይዛል። ማን ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። አምስት ማታ ይበላል። ስድስተኛው ማታ ካርታው እንቢ ይለዋል። ያኔ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ፊቱ ይቀላል፣ የሚያስይዘውን እጥፍ ያደርገዋል፣ ሌላው ተኝቶ እንኳ እየቀሰቀሰ "ተነሳ፣ አስመልሳለሁ" ይላል። በአምስት ማታ የበላውን በዚያች ማታ ከነደሞዙ ያስረክባል። ካርታ ይችል ነበር። መነሳት አይችልም ነበር። ሚስቱ ልጅ አዝላ መናኸሪያ ድረስ ደሞዙን ልትቀበል ስትመጣ አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ ነው።

የሰንዳፋው ልጅ ስቱ አንገር ያልከው ሰው ታሪኩን ልጄ አንብቦልኛል። ሦስት ጊዜ አሸንፎ በዓመቱ፣ በ1998፣ ላስ ቬጋስ አንድ ርካሽ ሞቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ኪሱ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አልነበረም። ሱስም ነበረበት። ካርታ ላይ ከሱ የሚበልጥ የለም ይባል ነበር። እና ችሎታ ስትሉ እልህንም ቁጠሩት። ሰው ተበልቶ ሲናደድ የሚያውቀውን ሂሳብ ሁሉ ይረሳዋል። ያንን ትንሽ ልጅ ሲበላ አትዩት፣ ሲበሉት እዩት።

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በጣም ነካኝ። ሲበሉት እዩት ያሉት ልክ ነው፣ ትንሹ ልጅ ሁለት ዙር ተከታትሎ ከተበላ ተራው ሳይደርስ ራሱ ቆርኪውን መሃል ይወረውራል። እየሳቅን ነበር የምናልፈው። የአያቷ እህቴም አመሰግናለሁ፣ የ46ቱን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ አየሁት።

አሁን የቀረኝ የኦንላይኑ ነገር ነው። እቤት ከሚበላን ኦንላይን ለምን አይበላም? ነው ክርክሩ። ምን ልበለው? ደግሞ ቁጥር ወዳድ፣ ያንን ተገልብጦ የሚታደለውን እቤት መሥራት ይቻላል እንዴ?

የአያቷ፦

ኦንላይኑን እኔ ልመልስ። እናንተ ቤት ያለው ገንዘብ ከቤት አይወጣም። አንዱ የተበላውን ሌላው በላው፣ ድምሩ ዜሮ ነው። ኦንላይን ግን ድርጅቱ ከሚበላው ገንዘብ ላይ የራሱን ይቆርጣል። ብዙ ቦታ 5 በመቶ አካባቢ ነው፣ ለአንድ ዙር ጣሪያ አለው። በእናንተው ልክ እናስላው። መሃል ላይ በአማካይ 100 ብር የሚሰበሰብበት 100 ዙር ብትጫወቱና ከእያንዳንዱ 5 ብር ቢቆረጥ በአንድ ማታ 500 ብር ከጠረጴዛው ጠፋ። ማንም አልበላውም፣ ድርጅቱ ወሰደው። እኩል የሚችሉ አምስት ሰዎች ቢሆኑ አምስቱም በአማካይ መቶ መቶ ብር ከስረው ይነሳሉ። ስለዚህ ኦንላይን ለማትረፍ ከሌላው መብለጥ ብቻ አይበቃም፣ ከሚቆረጠው በላይ መብለጥ አለብህ። እቤት በትንሹ የሚያተርፍ ሰው እዚያ ከሳሪ ነው።

ሁለተኛው ነገር ተጋጣሚው ነው። የሰንዳፋው እንዳለው ችሎታ የሚለካው ከማን ጋር ነህ በሚለው ነው። እናንተ ቤት ትንሹ ልጅ የሚጫወተው ፊታቸውን ከሚያውቃቸው፣ ቡና እየጠጡ ከሚያወሩ ጓደኞቹ ጋር ነው። ኦንላይን የሚቀመጡት በአንዴ አራት አምስት ጠረጴዛ የሚጫወቱ፣ የተጋጣሚያቸውን ያለፈ ጨዋታ የሚመዘግብ ፕሮግራም የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ማታ ላይ ሥራ ፈትቶ የገባ ጀማሪ እየጠበቁ ነው የሚውሉት። እና ዙሩ ፈጣን ነው። እናንተ ቅዳሜ ማታ ሙሉ የምትጫወቱትን 100 ዙር እዚያ በሁለት ጠረጴዛ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። እልህ የያዘው ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጋሼ ነግረውናል።

ለልጁ "አትችልም" አትበለው፣ ያንገበግበዋል፣ ይበልጥ ይገባበታል። ደብተር ስጠው። ትልቅ የሆነበትን ዙር ሁሉ ይጻፍ፣ ስንት ብር መሃል ነበር፣ ስንት ተጠየቀ፣ ምን ይዞ ነበር፣ ስንት ካርታ ነበር የሚያድነው። በላ ወይስ ተበላ የሚለውን አይጻፍ። ማሸነፉ ሲነሳለት ውሳኔው ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ጋራዥ ከሚሠራው ጋር ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ያስሉት። ጎበዝ ከሆነ ከደብተሩ ይታያል። ካልሆነም ከደብተሩ ይታየዋል፣ አንተ መናገር አያስፈልግህም። እስከዚያ ድረስ ከቆርኪ አይውጣ።

ሰንዳፋ በኬ፦

በደብተሩ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራ የሌለው ልጅ በፖከር ልኑር ብሎ ሲነሳ ችግሩ ችሎታ ብቻ አይደለም። ጎበዙ ራሱ ከ10,000 ዙር በኋላ ከስሮ ሊገኝ ይችላል ተብሏል እኮ ከላይ። ያንን ጊዜ የሚያሻግር ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከቤተሰብ? ከጓደኛ ተበድሮ? ተበድሮ የሚጫወት ሰው ደግሞ ትክክለኛውን ውሳኔ መወሰን አይችልም፣ ምክንያቱም መክሰር አይችልም። በ82 እና በ18 መሃል ሆኖ ሁሉንም መግፋት የሚችለው 18ቱ ቢመጣ ነገም የሚበላው ያለው ሰው ነው።

ቁጥር ወዳድ (ለቡ)፦

እቤት ይቻላል፣ ትንሽ ሥራ ይጠይቃል እንጂ። አምስት ናችሁ አይደል? አራታችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቡድን ሥሩ። አንዱ ጥንድ ሳሎን ይቀመጥ፣ ሌላው መኝታ ቤት፣ በሩ ይዘጋ፣ አንዱ ክፍል የሌላውን ድምፅ መስማት የለበትም። በየክፍሉ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው። ሁለት እሽግ ካርታ ያስፈልጋችኋል። አንዱን በውዙ፣ ሁለተኛውን በዚያው ቅደም ተከተል ደርድሩት። ሳሎን መጀመሪያ ካርታ የሚደርሰው የቡድን አንድ ሰው ከሆነ መኝታ ቤት መጀመሪያ የሚደርሰው የቡድን ሁለት ሰው ይሁን። በዚህ መንገድ ሳሎን ቡድን አንድ የያዘውን ካርታ መኝታ ቤት ቡድን ሁለት ይይዘዋል። ለሁሉም በየዙሩ እኩል ቆርኪ ስጡ፣ ዙሩ ሲያልቅ የበላውንና የተበላውን ጻፉና ቆርኪውን ወደ መነሻው መልሱ፣ አለበለዚያ ባለፈው ዙር የበላ ሰው በዚህኛው ብዙ ይዞ ይገባል፣ ልኬቱ ይበላሻል። ማታው ሲያልቅ የሁለቱን ክፍል ደምሩ።

ሁለት ሰው ካርታ ሳያልቅ ሁሉንም የገፋ እንደሆነ ደግሞ፣ የቀረውን ካርታ አታውርዱት። ያኔ ያላቸውን ዕድል አስልታችሁ ቆርኪውን በዚያው ልክ አካፍሏቸው። አስና ኪንግ ከሆነ ከ100 ቆርኪ 82ቱ ላንዱ፣ 18ቱ ላንዱ። ለዚህ የሚሆን ማስያ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል።

አምስተኛው ሰው ካርታ ይደርድር። እሱን ቦታ "ችሎታ የሚባል የለም" ለሚለው ጓደኛችሁ ስጡት። ሁለቱም ክፍል የገባው ካርታ አንድ መሆኑን በራሱ እጅ ደርድሮ ስላየው ውጤቱ ሲወጣ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።